የተቆረጠው ንባብ

«ይኸው! ማስረጃ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ መምህር ጌታነህ፣ የሰርካለምን ወረቀት ከፍ አድርገው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አጨበጨቡ። አሥር ከአሥር። ነገ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ጥያቄው «በምንባቡ ውስጥ ያለው ጓዴ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሐሳባችሁን ጻፉ፤ ከምንባቡ ቃል በቃል ጥቀሱ፤ ከዚያ አብራሩ» የሚል ነበር። ሰርካለም እንዲህ ጽፋለች፦ «ጓዴ ውለታ ቢስ ነው። ምንባቡ ‹የጓዴን ገብስ ያጨደለት ጎረቤቱ በተራው ለገብስ አጨዳ ደቦ በጠራ ቀን ጓዴ በቅሎውን ጭኖ ወደ ከተማ ወረደ› ይላል። በሰው ጉልበት አሳጭዶ የራሱን ጉልበት ይሰስታል።»

ደስ አላት። ጭብጨባ እንዴት እንደሚጥም ሲጨበጨብለት የኖረ ሰው አያውቀውም።

በእረፍት ሰዓት ካሌብ አጠገቧ ተቀመጠ። እዚህ ከመግባቱ በፊት የኔታ ገብረ ሥላሴ ዘንድ ሦስት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምሯል።

«አንች ሊቅ! ንባቡን ቆረጥሽው አይደል?»

«ምኑን?»

«የኔታ ቢሆኑ ጆሮሽን ነበር የሚይዙሽ። ‹ንባቡን ሳትጨርሽ ማን ተርጉሚ አለሽ?› ነው የሚሉሽ።»

«ሂድ ወዲያ፣ ደብተራ!»

ካሌብ ሳቀ። «አትስጊ፣ ለቲቸር አልናገርም።»

መጽሐፉን መግለጥ አላስፈለጋትም። ቀጥሎ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍም አይታታለች፦ «በቅሎዋ ላይ የጎረቤቱ እናት ነበሩ፤ ታመው ጤና ጣቢያ ሊያደርሳቸው ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ብትጨምር «ውለታ ቢስ» የሚለው አይቆምም። ስለዚህ ተወቻት።

ጓዴ የወረቀት ሰው ነው፤ መጥቶ አይሟገታትም። ግን ነገ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያነበዋል። በግማሽ ወሬ ስሙ ጠፍቶ የቀረ ስንት ሰው አለ! ቀሪውን ጠይቆ ያጣራለት የለም።

ተነስታ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች።

«ቲቸር፣ ወረቀቴን ይስጡኝ።»

«አሥር ከአሥር እኮ ነው!»

«ያልጠቀስኩት አለ። እሱ ሲገባ ሐሳቤ ይፈርሳል።»

መምህር ጌታነህ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንደ አዲስ ነው የማርምልሽ፤ አሥሩን ላታገኝው ትችያለሽ።»

«ይሁን።»

ወረቀቱን ተቀብላ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይወስደው በክንዷ ተጫነችው። «ውለታ ቢስ» የሚለውን ሰረዘች። ከሥሩ «ጓዴ» ብላ ጻፈች። ቀጣዩን ቃል ለመጻፍ ግን አልቸኮለችም።