በእሳት የደረቀው ሰገባ

ከሁሉ አስቀድሞ የተሰማው ዋይታው ነበር። እንደ ንብ መንጋ ጀምሮ እንደ ሐዘንተኛ ጩኸት ከፍ አለ፤ በዋሻው አፍ ተጋድሞ የሚንቀጠቀጠው ካራ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ሰገባው የተሰረቀበት የአርማዴን ነገሥታት ካራ፣ ነጎዳ!

ነጎዳ ራቁቱን ባለቀሰ ቁጥር የድንጋይ ጭፍሮች ነቅተው ወደ መናገሻይቱ ይገሰግሳሉ። ትንቢቱም «ካራው ወይ የጉማር ቆዳ ይልበስ፣ ወይ የሰው ድምፅ ይብላ» ይላል። ስለዚህ ወጣቱ ሰገባ ሰፊ ዘልማርና ጦረኛዋ ኢልባና ሰባት ገደል ወርደው የመጨረሻውን ጉማር ገደሉ። ዘልማር የአውሬውን ቆዳ ነክሮ፣ በካራው አምሳል በተጠረበ እንጨት ላይ ወጥሮ፣ በወስፌና በጅማት ሰፋው።

«አንተ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈኸው ልትውል ነው?» ስትል ኢልባና ቀለደችበት።

«ሦስት ቀን በጥላ ካልደረቀ ይኮማተራል፣ እታለም። የአባቴ ሕግ ነው።»

«እንግዲያው ጠብቅ። ጭፍሮቹ የሚደርሱት በአራተኛው ቀን ነው። ጋሻዬ ምስክሬ ነው፣ ጊዜ አለን!»

በሁለተኛው ቀን እሷ ውኃ ልትቀዳ እንደ ወረደች፣ ከአድማስ አቧራ ተነሣ። የዘልማር ልብ ከዳው። «ትንሽ ላሙቀው ብቻ» አለና ሰገባውን ወደ እሳቱ አስጠጋ። ቆዳው ሲጥ አለ። ከእንጨቱ ሲያወልቀው በጣት ስፋት አጥሯል፤ አፉም ተሰንጥቋል፤ ካራው አይገባበትም። አቧራው ግን የነፋስ ነበር።

ኢልባና ተመልሳ ሰገባውን አየች። «ምን አደረግህ?»

«ፈራሁ።»

አልሰደበችውም። ብትሰድበው በወደደ ነበር። አንድ ቀን! አንድ ቀን ብቻ ቢታገሥ ኖሮ!

በአራተኛው ቀን ጭፍሮቹ ከዋሻው በታች የከተማይቱን ቅጥር ይንዱ ጀመር። የሕፃናት ለቅሶ እስከ ላይ ይሰማል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድምፄን ይውሰድ!» ብሎ ዘልማር ወደ ካራው ተንደረደረ።

ኢልባና ገፍትራ ጣለችው። ስለቱን ከንፈሯ ላይ አሳርፋ «ነጎዳ፣ እኔን ብላ!» አለች።

ካራው ዝም አለ። ጭፍሮቹም እንደ ቆሙ ደርቀው ቀሩ፤ ከከተማይቱ እልልታ ፈነዳ።

ዘልማር እግሯ ሥር ወደቀ። «እታለም፣ ለምን አንቺ? ዕዳው የኔ አልነበረም?»

ድምፅዋን ካራው በልቶታል። ጋሻዋን ከዋሻው ግድግዳ እንደተደገፈ ትታ፣ ልትመልሰው ወደማትችለው እልልታ ሳይሆን ወደ ምዕራብ በረሃ ወረደች። ስሟን ደጋግሞ ጠራ። አልዞረችም።