የኤርዳም ጫማ

ኤርዳምን የገደለው ጭራቅ አልነበረም፤ አዲስ ጫማ ነው።

በዘብራን መንግሥት ወደ ኡርማን ተራራ ለሚሄድ ተሳላሚ ማንም ያልረገጠበት ጫማና የንጉሥ በርኖስ መስጠት ትልቁ ክብር ነበር። ጫማው የሚሰፋው ከጎርማ፣ ከረግረጉ አውሬ ቆዳ ነው፤ የተራራው ጥቁር ጭቃ ሌላውን ቆዳ ሁሉ ይበላዋል። ኤርዳም ተረከዙ ተልጦ፣ ቁስሉ መግል ቋጥሮ፣ ዝናብ የጠጣው በርኖስ አጉብጦት መንገድ ላይ ቀረ። ክብሩ ያልደረሰው የጉዞ ጓደኛው መርከን ግን በራሱ አሮጌ የጎርማ ጫማ ተረፈ፤ ለተራራው ምድጃ ይወስዱት የነበረውን ፍም በማሰሮ፣ የሟቹን ጫማ በጀርባው ይዞ ተመለሰ።

የደመናው ዘንዶ የኡርማንን ምድጃ ካጠፋው ወዲህ ዝናቡ አላባራም። እርሻው ሐይቅ ሆኗል። የቀረው ያ አንድ ፍም ነው። ምድጃው ደግሞ ፍም የሚቀበለው ከጠባቂዎቹ ዘር እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ተራው የኤርዳም እህት የሰልዋን ሆነ።

የአልባሳት ሹሙ አዛዥ ደርጎን አዲስ ጫማ በሐር ትራስ ላይ አቀረበላት። ልታጥፈው ሞከረች፤ እምቢ አለ። እስኪለሰልስ ምን ያህል እንደሚፈጅ ጠየቀችው። ወር ገደማ አላት። ፍሙ ሳምንት እንደማይቆይ ሁለቱም ያውቃሉ። በርኖሱን ገፋ አድርጋ የዘበኞችን ገሳ ከግድግዳው አወረደች። ሣር ነው፤ ውሃ አይጠጣም፣ አይከብድም። ደርጎን ንጉሥ ፊት ገሳ ለብሶ መቆም ነውር መሆኑን ረዘም አድርጎ አስረዳት። እስኪጨርስ ጠብቃ ደረበችው።

«ዘንዶው ቢያይሽም የሣር ክምር ነው ብሎ ያልፍሻል» አላት መርከን።

አልሳቀችም። እጇን ወደ ወንድሟ ጫማ ዘረጋች። እግራቸው እኩል ስለነበር ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዋዋሱ ነበር።

«ተዪው ልጄ» አለ ደርጎን። «ይህ በስም ቤት ግድግዳ ውስጥ ሊታሸግ ነው። ሌላ እግር የገባበት ጫማ አይታሸግም፤ ጫማው ያልታሸገለት ሟች ደግሞ በዓመቱ ቀን ከግድግዳው አይናገርም። የወንድምሽን ድምፅ ዳግም አትሰሚም።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

ጫማው በእጇ ላይ እንደ ጨርቅ ታጠፈ። የለሰለሰው ኤርዳምን ከጨረሰ በኋላ ነበር። የደረቀውን ደም በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ አጠለቀችው።

«በኡርማን ምድጃ እምላለሁ፤ ፍሙን አደርሰዋለሁ» አለች። መሐላው ረጅም ነበር፤ የቀረውን ተወችው።

መርከንም ሌላ ገሳ ደርቦ መንገዱን መራት። በተራራው ገደል አፋፍ ላይ ዘንዶው ሲያንዣብብባቸው ሰልዋንና መርከን ገሳቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተለጠፉ። ዘንዶው የሣር ክምር አይቶ አለፈ። ፍሙ ምድጃው ላይ ባረፈ ጊዜ ነበልባሉ ሰማዩን ሰነጠቀው፤ ዘንዶው ከነደመናው ተነነ። ዝናቡም አባራ።

በዓመቱ ቀን ሕዝቡ በስም ቤት ተሰበሰበ። ከግድግዳው ውስጥ አንዱ ሟች በሬው ውሃ መጠጣቱን ይጠይቃል፤ ሌላዋ ልጇን ለምን እንዲህ ቀጠንሽ ብላ ትቆጣለች። ሰልዋን ለኤርዳም ተጠርቦ በነበረው ባዶ ቦታ ጆሮዋን አስጠጋች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር። ትንሽ ጠበቀች።

«ልቁም ከአንቺ ጋር?» አላት መርከን በሹክሹክታ።

«አንተ ሂድና የእናትህን ድምፅ ስማ» አለችው።

በወንድሟ ጫማ እየተራመደች ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።