ያልተጫነው ጓጉንቸር

«ጓጉንቸሩ ጭረት እንኳ የለውም» አለ የኢንሹራንሱ ሰውዬ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እያገላበጠው። «ታዲያ ሌባው በምን ገባ?»

ሚጢ፣ እናቷና ጥልፍ የሚሠሩት እትዬ ባዶው የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ ቆመዋል። ከትናንት በስቲያ በምሳ ሰዓት ሦስት የስፌት መኪና ተጠራርጎ ወጥቷል። የአርባ ተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅም አብሮ ሄዷል፤ እሱን መተካት ያለባት እናቷ ናት። ትናንት አንድ ግዙፍ አዲስ ጓጉንቸር ገዝታ መጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ሚጢ የሱቁ ቁልፍ የላትም። ጓጉንቸሩን ከተጫነችው ተመልሳ መግባት ስለማትችል፣ ለአንድ አፍታ ስትወጣ ሳትጫነው ታንጠለጥለዋለች። ከሩቅ የተቆለፈ ይመስላል። የዚያን ቀንም ብቻዋን ሱቁን ስትጠብቅ እንደዚያው አድርጋ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ወጣች፤ ጓደኞቿን አገኘችና አንድ ሰዓት ሙሉ ቀረች። እናቷ ስትጠይቃት ግን «ቆልፌ ነው የሄድኩት» አለች፣ አፏን ሞልታ።

«ተቆልፎ ከተሰረቀ እንከፍላለን» አለ ሰውዬው። «ክፍት ከነበረ ሰባራ ሳንቲም የለም። ልጅቷ ቆልፌያለሁ ብላለች። እንግዲህ የተከፈተው በቁልፍ ነው። ቁልፍ ያለው ማነው?»

«አንዱ እናቷ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ» አሉ እትዬ።

«ያን ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ምሳ ስበላ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ብቻዬን የምኖር ሴት፣ ማን ያየኛል?»

ሰውዬው ጻፈ። «ፖሊስ ይጠራዎታል።»

እትዬ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቢሆንም ወደ ሚጢ ዞረው፣ «ብቻ ልጅቷን እንዳትጠረጥሩ» አሉ። «እጄ ላይ ነው ያደገችው። ቆልፌያለሁ ካለች ቆልፋለች።»

ሚጢ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ብትናገር እናቷን ባዶ እጇን ታስቀራለች፤ ዝም ብትል እኚህን ሴት ሌባ ታሰኛለች። ወይ ጣጣ! በየት በኩል ብትዞር ገደል ነው።

«አልጫንኩትም» አለች።

«ምኑን?» አለች እናቷ።

«ጓጉንቸሩን። አንጠልጥዬው ነው የወጣሁት። ወዲያው እመለሳለሁ ብዬ… ከዚያ ወሬ ይዞኝ ቀረሁ። ዋሸሁሽ፣ እማዬ።»

እናቷ በርጩማው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮህባት በስንት ጣዕሙ!

ሰውዬው እስክሪብቶውን አንስቶ ወደ እናትየው አየ። «እህቴ፣ ይህን ከጻፍኩ ክፍያው ቀረ ማለት ነው። ልጅ ናት፤ ደንግጣም ይሆናል። አልሰማሁም ልበል?»

እናቷ የስፌት መኪኖቹ የነበሩበትን ባዶ ቦታ አየች፤ ቀጥላም እትዬን።

«በሩን የዘጋችው እሷ ናት» አለች እናቷ በመጨረሻ፣ ድምጿ ተሰባብሮ። «እሷን ይጠይቋት።»

ሰውዬው ዞረ። ሚጢ እናቷን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ይጻፉት» አለች።