ሦስተኛው እጅ

ዳኛው «ዓይን ጨፍኑ፣ ፊት ወደ ግድግዳ» ብሎ ሙዚቃውን ከለቀቀው ገና አርባ ሰከንድ አልሞላም፤ ጆሮ የሚሏት ልጅ ግን እጇን አንስታ ጨርሳለች። ካነሳችው በኋላ ክንዷ የሌላ ሰው የሆነ ይመስል ከበዳት። እግሯ ደግሞ ማንም ሳያዘው ምቱን እየተከተለ ወለሉን ይመታል። እንዲቆም ብትቆጣው እንኳ አልሰማ አላት።

«ይበቃል። ሦስት እጅ ወጥቷል» አለ ዳኛው፤ ሙዚቃውም ተቆረጠ።

ይህ የሚሆነው ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው ጠባብ የዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ከዳኛው ጋር ሰባት ልጆች ናቸው። ራሳቸውን «የንጹሕ ምት ክበብ» ብለው ይጠራሉ፤ የቀረው የትምህርት ቤቱ ልጅ ግን «ድም-ድሞች» ነው የሚላቸው። ሁሉም በኮምፒውተር የሠራውን የጭፈራ ሙዚቃ ምንም ምልክት በሌለው ፍላሽ ያመጣል። ዳኛው ያጫውታል፤ የቀሩት ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። ከማሽን ያልተወለደ ድምፅ ሰምቶ ሥራውን አበላሽቶታል ያለ እጁን ያነሳል። ጊታር ቢሆን፣ ዘፈን ቢሆን፣ ፉጨትም ቢሆን ቅይጥ ነው። ሦስት እጅ ከወጣ ሥራው ይወድቃል፤ ባለቤቱም በሚቀጥለው ዝግጅት ላይ አይጫወትም።

በማዳመጥ ጆሮን የሚስተካከላት አልነበረም። አምና በአንድ ሙዚቃ ሥር የተቀበረ የአውቶቡስ ጥሩምባ ለይታ ስታወጣ ነው «ጆሮ» የሚል ስም የወጣላት። ከዚያ ወዲህ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ የለም።

«የማን ነው?» አለ ዳኛው ፍላሹን እየነቀለ።

ጉንዳን ከግድግዳው ዞረች። ጉንዳን የተባለችው ትንሽዬ ስለሆነችና ሁልጊዜ ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ስለምትሸከም ነው። የጆሮ የልብ ጓደኛ ናት። ጆሮም ዳኛው ከመጠየቁ በፊት የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ከምቱ በላይ በዝግታ የሚዘፍነው ድምፅ የጉንዳን አክስት ድምፅ ነው። ጉንዳንን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ ማሽኖቹ ሲያጓሩ እሳቸው ከማሽኖቹ በላይ ይዘፍናሉ። ጆሮ በእሳቸው ቤት ስንት ጊዜ በልታለች። «ጨምሪ እንጂ ልጄ፣ ምነው እንደ ወፍ ለቀም ለቀም» የሚላትን ድምፅ ለመለየት አንድ ሰከንድ አልፈጀባትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እያወቀች ነው እጇን ያነሳችው።

ጉንዳን አልተከራከረችም። ፍላሿን ተቀብላ ቦርሳዋን አነገተች። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ፣ ማንንም ሳታይ፣ «አክስቴ ለቅዳሜ ፈረቃ ቀይራ ነበር» አለችና ወጣች።

ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነበር። ክበቡ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንዲጫወት ሲፈቀድለት የመጀመሪያው ነው። ዳኛው የጉንዳንን ዐሥር ደቂቃ እዚያው ለጆሮ ሰጣት።

«አምስት ሰዓት ላይ ነሽ። አደራ፣ ንጹሕ ነገር ሥሪ» አላት። ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ጨካኝ አድርገሽ አትይኝ። ሰው ሁሉ ‹ይኼ ሙዚቃ አይደለም፣ ጩኸት ነው› ሲለን አይደል እንዴ ክበቡን ያቋቋምነው? ዘፈን ካስገባንበት ዘፈኑን ይወዱና ምቱን ማጀቢያ ያደርጉታል። ከዚያ እኛ የለንም።»

ነገሩ እውነትነት አለው። ጆሮን ያበሳጫትም ይኸው ነው፤ ዳኛው ቀሽም ነገር ቢናገር ይቀላት ነበር።

ቤት ስትደርስ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ኮምፒውተሯ ያለው በአባቷ ሱቅ ጥግ፣ በስፖንጅ ክምርና በጨርቅ ጥቅል መካከል ነው። አባቷ ሶፋ ሠሪ ነው። ትናንሽ ምስማሮች በከንፈሩ ይዞ፣ አንድ አንዱን እያወጣ ጨርቁን ከእንጨቱ ጋር ይመታል፤ ሲያወራም አይተፋቸውም። ጆሮ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ውሃ ጠጣች፣ ደግማ ተቀመጠች። አንድ ምት ትሠራለች፤ ስትሰማው የጉንዳን ምት ይሆንባታል። ታጠፋዋለች። ሌላ ትሠራለች፤ በላዩ ላይ የአክስቲቱ ድምፅ ሳይጠራ ይመጣል።

«ምነው፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» አለ አባቷ ከምስማሮቹ መካከል።

መፍትሔ ስታጣ «መለኪያ»ን ከፈተች። መለኪያ የሚሉት እነሱ ከመወለዳቸው በፊት የተሠራ የስምንት ደቂቃ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። የክበቡ ልጆች አንድ ሥራ ንጹሕ መሆኑ ሲያከራክራቸው ከእሱ ጋር ያስተያዩታል። መሐሉ ላይ አንዲት ፈጣን፣ የምትስቅ የምትመስል ድምፅ አለች። ጆሮ እንዴት እንደተሠራች ለማየት ፍጥነቷን በግማሽ ቀነሰችው። ደግማ ቀነሰችው።

መዶሻው ቆመ። አባቷ ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው።

«ይቺን ዜማ ከየት አመጣሻት? ከእናትሽ ጋር እኮ ደንሰንባታል» አለ። «አኮርዲዮን ነው። ቀስ ብላ የምትሄድ፣ የእርጋታ ዜማ ነበረች። እንዲህ ያሯሯጣት ማነው?»

ጆሮ ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ደጋግማ ሰማችው። የአኮርዲዮኑ ወናፍ ሲሳብ የሚያሰማው ትንፋሽ ሳይቀር አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላውን ሲመዝኑበት የኖሩት መለኪያ ራሱ ቅይጥ ነው፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ደግሞ እሷ፣ የአውቶቡስ ጥሩምባ የማያመልጣት፣ አልሰማችም። አፈረች፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አላት። ይህን ካሰማቻቸው ሕጉ ይፈርሳል፣ ጉንዳን ትመለሳለች፣ ማንም ማንንም ይቅርታ አይጠይቅም። የቀነሰችውን በፍላሽ ገልብጣ ኪሷ ከተተችው።

አርብ ጠዋት ክፍል ስትገባ ወሬው ቀድሟት ገብቷል። ዓይኑን ሳይጨፍን የሚቆመው ዳኛው ብቻ ነው፤ እሱ ለአንድ ሰው ነግሯል፣ ያም ሰው ለሁሉም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ መጨረሻ የሰማችው እሷ ሆነች።

«ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ አሉ» አለቻት አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ።

«ሁለት እጅ ቀድሞ ወጥቶ ነበር ማለት ነዋ» አለች ጆሮ።

«በሁለት እኮ አይወድቅም ነበር።»

ይህንን ጆሮ አስባበት አታውቅም። እሷ ሁሉም የሚያነሱ መስሏት ነበር። እሷ ብታነሳም ባታነሳም ጉንዳን መውደቋ አይቀርም፤ ዝም ብትል ግን «ጆሮ ደነቆረች» ተብሎ ይሳቅባታል ብላ ነው። ቀኑን ሙሉ የሒሳብ መምህሩ የሚጽፈውን ገለበጠች እንጂ አንድም ቁጥር ገብቷት አልዋለም። ጉንዳን በዕረፍት ሰዓትም አልታየችም።

ከትምህርት በኋላ በሆቴሉ ጓሮ አገኘቻት። ጉንዳን አክስቷ እስኪወጡ ድረስ ሁልጊዜ እዚያ ደረጃ ላይ ሆና የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ከበሩ ሞቅ ያለ የሳሙና እንፋሎት ይወጣል፤ ከውስጥ ማሽኖቹ ያጓራሉ። ዛሬ ግን የሚዘፍን የለም።

ጆሮ ሰላም እንኳ ሳትል የጆሮ ማዳመጫዋን ሰጠቻት። «ስሚው። መለኪያ ነው፤ ቀንሼው ነው እንጂ። አኮርዲዮን አለበት፤ አባዬ ዜማውን ሳይቀር ያውቀዋል።»

ጉንዳን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ማዳመጫውን አውልቃ መለሰችላት። «እና?»

«እናማ መለኪያውም ቅይጥ ነው። ነገ አሰማቸዋለሁ። ዳኛው ምን ሊል ነው? ፋራ ይሆናል። አንቺም ትመለሻለሽ።»

«የአክስቴን ድምፅ አውቀሽዋል አይደል?»

«የቱን?»

«ተይ እንጂ።»

ጆሮ ደረጃው ላይ ያለውን የሲሚንቶ ስንጥቅ ታይ ጀመር። «አዎ» አለች።

«ወደሽዋል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ወደድኩት ለማለት አባትሽ የደነሱበት አኮርዲዮን ምስክር ካልቆመልሽ አይሆንም?» ጉንዳን አልጮኸችም፤ ደብተሯን ነው የምታየው። «መለኪያ ንጹሕ ቢሆን ኖሮስ? የእኔ ይውደቅ ነበር ማለት ነው?»

ጆሮ የማዳመጫውን ገመድ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ከውስጥ አንድ ማሽን ሥራውን ጨርሶ ደወል አሰማ።

«ለአክስቴ ዝግጅቱ ቀረ አልኳት» አለች ጉንዳን። «ምን ልበላት? ‹ድምፅሽን አንፈልግም አሉ› ልበላት? እሷም ፈረቃዋን መለሰችው፤ ነገ አራት ሰዓት ላይ ሥራ ትገባለች። በይ አሁን ሂጂ፣ የቤት ሥራ አለብኝ።»

ጆሮ ሄደች። ማታ እራት ላይ አባቷ ሁለቴ ቢጠራትም አልሰማችም። ያናደዳት ጉንዳን ትክክል መሆኗ ነበር። ፍላሹ ውስጥ ያለው ማስረጃ ዳኛውን ሊረታ ይችላል፤ ሐሙስ ዕለት እጅ ያነሳው ግን ዳኛው አይደለም፤ እሷ ናት።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ዳኛውና መነጽር ብቻ ነበሩ። መነጽር ከክበቡ ልጆች ሁሉ ዝምተኛው ነው፤ ድምፅ ማጉያዎቹን ከመድረኩ ጋር በገመድ ያገናኛል። የተጫዋቾቹ ስም በሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ በክበቡ ደንብ ስሙን የሚጽፈው ባለቤቱ ራሱ ነው። የጆሮን ብቻ፣ ስላልነበረች፣ ዳኛው ጽፎላታል።

«ሥራሽን አምጪ፣ እንሞክረው» አላት።

«አልሠራሁም። አልጫወትም። ሐሙስ ዕለት ዋሽቼ ነው እጄን ያነሳሁት። የጉንዳንን ሥራ ወድጄው ነበር።»

ዳኛው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ ሳቁን ተወው። «ዘፈን ነበረበት እኮ። አንቺ ሳትሰሚ ቀርተሽ ነው?»

«ሰምቻለሁ። ከነዘፈኑ ነው የወደድኩት።»

«ለምን? አንድ ምክንያት አቅርቢልኝ።»

ፍላሹ ኪሷ ውስጥ ነው፤ በጣቶቿ ነካችው። እሱን ብታወጣ ወሬው ሁሉ ስለ አኮርዲዮን ይሆናል፤ የእሷ እጅ ማንሳት ይረሳል። እንዳለ ተወችው። «የለኝም። ወደድኩት በቃ።»

«ከየትኛው ሰከንድ ጀምሮ?» አለ ዳኛው። በቁጣ ሊጠይቅ አስቦ ነበር፤ ሲወጣ ግን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጥያቄ ሆኖ ወጣ።

«ከመጀመሪያው።»

መድረኩ ሥር ያለው መነጽር ገመዱን ለቀቀ። «እኔ እጄን ያነሳሁት እሷ ታነሳለች ብዬ ነው» አለ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ጆሮ ሰምታ እኔ ሳልሰማ ብቀር ሼም ነው ብዬ ነው እንጂ፣ እኔን ዘፈኑ ምንም አላለኝም። እንዲያውም...» አለና እንዲያውም ያለውን ሳይጨርስ ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ነገሩ ለጆሮ አሁን ገባት። እሷ እነሱ ያነሳሉ ብላ፣ እሱ እሷ ታነሳለች ብሎ፣ ግድግዳ እያዩ በዓይን ሳይተያዩ አንዲት ልጅ አባረሩ።

ዳኛው በጣቶቹ ቆጠረ። የሕግ ሰው ነውና ሕጉ ራሱን ሲይዘው ታየ። «ሁለት ተቀንሶ አንድ ይቀራል» አለ በመጨረሻ። «በአንድ አይወድቅም። ግን እኔ አሁንም ቅይጥ ነው እላለሁ። ማንም ቢመጣ ይኼን አልለውጥም።»

«አትለውጥ» አለች ጆሮ። «እኔ ደግሞ የምለውን እላለሁ።»

ሰሌዳው ዘንድ ሄዳ ስሟን በመዳፏ አጠፋችው። አምስት ሰዓት ላይ ያለው መስመር ባዶ ሆነ። ጠመኔው አጠገቡ ነበር፤ የጉንዳንን ስም ግን እሷ ልትጽፈው አይገባም። ስልኳን አውጥታ ወደ ግቢው ወጣች። ወላጆች ገና አልመጡም፤ ሁለት ልጆች ወንበር እየጎተቱ ያልፋሉ።

ለጉንዳን የምትነግራትን ከትናንት ጀምራ ስታዘጋጅ ነበር። ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ነክታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው። በሦስተኛው ጠራ። የጉንዳንና የአክስቷ ስልክ አንድ መሆኑን ረስታው ነበር፤ «ሄሎ» ያለው ያ ሐሙስ ዕለት ግድግዳ እያየች የሰማችው ድምፅ ነበር።

«እ... እትዬ፣ እንደምን አደሩ። እኔ ነኝ።»

«እንዴት አደርሽ ልጄ! ጠፋሽ እኮ። እሷ ሱቅ ወርዳለች፤ አሁን ትመለሳለች። ዝግጅታችሁ ቀረ አሉ፤ ምነው? እኔ እንኳ ስጠብቅ ነበር።»

ቀርቷል ማለት ይቻል ነበር። በኋላ እደውላለሁ ማለትም ይቻል ነበር፤ ጉንዳን እስክትመለስ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ጆሮ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ጀርባዋን አስደገፈች።

«አልቀረም፣ እትዬ። አምስት ሰዓት ላይ ነው» አለች። «ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

 በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲሳብና ሰው ሲቀመጥ ተሰማ።

«በይ ንገሪኝ» አሉ አክስት።

ጆሮ ከሐሙስ ጀመረች።