አዳራሹ የሰማው

ፍንጭት ነው የሚሏት። በፊት ጥርሶቿ መካከል ያለችው ክፍተት ቀስ በቀስ ስም ሆናላት፣ ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ማስታወቂያ እንኳ «ዲጄ ፍንጭት» ተብላ ትጻፋለች። የሰውን ዘፈን ከሰው ዘፈን እያገጣጠመች አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ስታስጨፍር ኖራ፣ ድንገት የራሷን ሙዚቃ መሥራት አማራት። ማማሩስ ባልከፋ፤ ዕቃው እምቢ አላት።

ዕቃው ኮንትሮለሯ ነው፤ ሁለት ክብ ሳህንና ብዙ ቁልፍ ያለው፣ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያወጣላት። በለመደችው የዲጄ ፕሮግራም እንደ ውሃ ይፈስላታል። አዲሱን የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ስትከፍት ግን ኮንትሮለሩ እንዳልተፈጠረ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል፤ ድምፁም ከላፕቶፑ ሆድ እንደ ትንኝ እየጮኸ ይወጣል።

ቢቸግራት ሁልጊዜ ወደምትሠራበት አዳራሽ ይዛው ሄደች። የአዳራሹን ድምፅ የሚያስተካክለው ሰው እምብዛም አይናገርም። ጓደኞቹ «ዝም አይነቅዝም» ከሚለው ተረት ቆርሰው «አይነቅዝም» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስትደርስ ከመድረኩ ሥር ተንበርክኮ ገመድ ይጠቀልል ነበር።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ? ይሄ ዕቃና የሙዚቃ መሥሪያው ጨርሶ ሊተዋወቁልኝ አልቻሉም።»

ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማት። «አስተዋዋቂ አጥተው ይሆናላ» አለ።

እሱም ይቀልዳል እንዴ? አየችው። እሱ ግን ላፕቶፑን ከፍቶ ማየት ጀምሯል።

«ድራይቨሩ አርጅቷል። ድራይቨሩን አስተርጓሚ በይው፤ ዕቃው የሚለውን ለኮምፒውተሩ፣ ኮምፒውተሩ የሚለውን ለዕቃው የሚነግር። ያንቺ አስተርጓሚ የዲጄ ፕሮግራሙን ቋንቋ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

አሮጌውን አጠፋው። ገመዱን አስነቅሎ ላፕቶፑን ዘግቶ አስነሳው። ከዕቃው አምራች ገጽ ላይ ትክክለኛውን አውርዶ ጫነ፤ ከዚያ ገመዱን ራሷ እንድትሰካው አቀበላት። የኮንትሮለሩ ስም በሶፍትዌሩ ውስጥ ብቅ ሲል ፍንጭት እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

«ገና ነው» አላት። «አሁን ይንጫጫብሻል። ድምፁን የሚያጠራቅምበት ቦታ ሲጠብበት ይንጫጫል፤ ሲሰፋለት ደግሞ ይሰንፋል፣ ቁልፉን ተጭነሽ እስኪሰማሽ ትጠብቂያለሽ። መካከሉን መፈለግ ነው።»

መካከሉን ሲፈልጉ ከሰዓቱ አለቀ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ እሷ ቁልፍ ትነካለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ትንሽ ጨምሪ።» «አሁንስ?» «አሁን ጥሩ ነው።» በመጨረሻ መውጫዎቹን አሳያት።

«አንድና ሁለት አደባባይ ነው፤ ወደ አዳራሹ የሚወጣው። ሦስትና አራት ጓዳሽ ነው፤ በማዳመጫሽ አንቺ ብቻ የምትሰሚው። ድራይቨሩን ባሳደስሽ ቁጥር ይሄን እዪው። አንዳንዴ ራሱን ይገለብጣል።»

«እሺ ጌታዬ» ብላ ሳቀች። ክፍተቷ ታየች። አይነቅዝም ገመዱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ የሚነሳ ገመድ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰበብ አላጣችም። አንድ ጊዜ ማይኩ አልቀዳ አለኝ ትላለች፣ አንድ ጊዜ ከበሮው ታፈነብኝ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የሠራችውን ታስደምጠዋለች። እሱ ግን አንድ ቦታ ቆሞ አይሰማም፤ እየዞረ፣ እየተመለሰ፣ ወንበር ለወንበር እየሄደ ነው። ስትቀመጥም ሁሌ በቀኙ እንድትሆን ቦታ ይለቅላታል።

«ለምንድነው እንደ ዘበኛ የምትዞረው?» አለችው አንድ ቀን።

ግራ ጆሮውን በጣቱ ነካ አደረገ። «ልጅ ሆኜ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ይሄኛውን ወስዶት ሄደ። ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቦታ ቆሜ አላውቀውም። ስዞር ነው የሚገባኝ።»

«ባለ አዳራሹ ያውቃል?»

«ከእህቴ በቀር ማንም አያውቅም። የድምፅ ባለሙያ ጆሮ የለውም ቢባል፣ ማን ቆሞ እንዴት እንደምሠራ ይጠይቀኛል?»

«ከእኔ አትወጣም» አለችው።

«ስለማውቅ ነው የነገርኩሽ።» ቀና ብሎ አያትና ጨመረ። «አንቺ ስታወሪ ግን መዞር እረሳለሁ።»

ፍንጭት ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ምንም አልከፈተችበትም። ልቧ ብቻ ነበር የሚሰማት።

ስለ እሱ ለአክስቷ ግን አልነገረቻትም። አክስቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት ሴት ናት። ለራሷ ያላደረገችውን ለእሷ አድርጋ፣ ዘወትር «ወግ ማዕረግሽን ልይ እንጂ» ትላለች፤ ወግ ማዕረግ ስትል ደግሞ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ባል ማለቷ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ፍንጭት እነግራታለሁ እያለች ዛሬን ለነገ ታሳልፈው ነበር።

የራሷን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። ቀትር ላይ ከመድረኩ ጎን ባለችው ባለመስታወት ክፍል ውስጥ ዕቃዋን ዘረጋች። ክፍሏ በሯ ከተዘጋ ከአዳራሹ ኮሽታ አይገባባትም። ላፕቶፑ ድራይቨሩን ላሳድስ ሲላት፣ በጥድፊያ ሳታነብ እሺ አለችው። መውጫዎቹን አላየችም። ማይኩን በሦስትና አራት በኩል ከፈተችው፤ ለእሷ ብቻ የሚሰማ መስሏት፣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሳትዘጋው ተወችው።

በዚህ መሃል አክስቷ የተተኮሰ ቀሚስ በክንዷ ይዛ ገባች፤ በሩንም ዘጋች።

«ያ ገመድ የሚጎትተው ልጅ ሲያይሽ አየሁት» አለች ቀሚሱን እየሰቀለች። «ምንድነው ነገሩ?»

«የቱ ልጅ?»

«አትሸፋፍኚ። ከቤት ስትወጪ የምትኳኳይው ለእሱ ነው?»

ፍንጭት ፊቷ ጋለ። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የአክስቷን ዓይን ስታይ ግን፣ ያ ሁሉ ዓመት የለፋ ዓይን ሲያዝን ታያት፤ ምላሷም ሌላውን አወጣው።

«ኧረ አክስቴ፣ እሱን? አንድ ጆሮው እኮ አይሰማም። ስለማዝንለት ነው የማዋራው እንጂ፣ እኔ እዚህ ድረስ ወርጃለሁ እንዴ!» አለችና ሳቀች። መሳቋ ነው በኋላ እንቅልፍ የነሳት።

ሳቋ ሳያልቅ በመስታወቱ አሻግራ አየች። በአዳራሹ ወንበር የሚደረድሩት ሠራተኞች ቆመዋል። ባለ አዳራሹ አንጋጦ ስፒከሩን ያያል። አይነቅዝም የአዳራሹን ድምፅ ገና ከፍ አድርጎ ለሙከራ መሃል ወለሉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ንግግሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይዞራል። ሰዎቹ ወደ መስታወቱ ሲያዩ እሱም አየ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ምን ሆንሽ?» አለች አክስቷ።

ፍንጭት ማይኩን ዘጋችው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ የሚባለውን እስከዚያ ቀን ድረስ ለወግ የሚባል ይመስላት ነበር።

ባለ አዳራሹ አይነቅዝምን ጠርቶ፣ የራሱን ጆሮ በጣቱ እያሳየ የሆነ ነገር ጠየቀው። አይነቅዝም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ክፍሏ መጣ። አክስቷ ቀሚሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ግድግዳ ተጠጋች። እሱ ማንንም ሳያይ ላፕቶፑ ላይ አጎነበሰና መውጫዎቹን አስተካከለ።

«ተገልብጦ ነው» አለ። «ማታ እንዳይደገም።»

«እባክህ...» አለች።

ወጥቶ ሄዷል።

ያን ምሽት ሙዚቃዋ ተሰማ፣ ሕዝቡም ጨፈረ፣ አጨበጨበም። ከመድረክ ስትወርድ የትኛውን ዘፈን ከየትኛው አስከትላ እንዳጫወተች እንኳ አታስታውስም ነበር።

ባለ አዳራሹ አላባረረውም። ከሥራው ኋላ የሚያጣራ ሌላ ሰው ብቻ አቆመበት፤ ይህን ጊዜ አይነቅዝም ራሱ ለቀቀ። ፍንጭት ባለ አዳራሹ ዘንድ ሄዳ ለመነች። «ስንት ጊዜ ሲሠራ አንድ ሰው እንኳ ቅር ብሎት ያውቃል ጋሼ?» ብትለው፣ «እኔስ አላልኩም ልጄ። ያልሽው አንቺ ነሽ» አላት። አክስቷ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምን አስጠየቀኝ» ብትላትም ማጽናኛውን አልተቀበለችም። ስልኩን አያነሳም። በመጨረሻ ሰው ጠይቃ ቤቱን አገኘችው።

በሩን የከፈተችው ታላቅ እህቱ ናት፤ አንገቷ ላይ ሜትር ያንጠለጠለች ልብስ ሰፊ። ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«የምታዝኚለት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች ፍንጭት፤ ሌላ ምን ትበል።

እህቱ በሩን ለቀቀችላት። አይነቅዝም ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በብርድ ልብስ በሸፈነው ግድግዳ ፊት ተቀምጦ የሰው ሙዚቃ ያስተካክላል። ሲያያት ድምፁን ቀነሰ። ፍንጭት በቀኙ በኩል ቆመች።

«ድራይቨሩ ነው አልልህም» አለች። «አውጪው ድራይቨሩ ነው፤ ተናጋሪዋ ግን እኔ ነኝ። ቃሌን በላሁ። ይባስ ብዬ ሳቅሁ።»

«ጆሮዬንማ አንድ ቀን ሰው ማወቁ አይቀርም ነበር» አለ። «አዝንለታለሁ ያልሽው ነው ያልወጣልኝ። ያ ሁሉ ከሰዓት፣ እያዘንሽልኝ ነበር?»

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልሽው?»

«እንደምወድህ ለማለት አፈርኩ።» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «በአንተ አይደለም ያፈርኩት፤ አክስቴ እንደምታስበኝ ሆኜ መታየት ስለፈለግሁ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የማፍረው በራሴ ነው።»

ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናው ቆሟል፤ እህቱ እያዳመጠች ነው።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ማመኑ ግን በአፍ አይሆንም። ጊዜ ይፈልጋል።»

«እጠብቃለሁ።»

ጠበቀች። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ስልክ ማንሳት ጀመረ። ከዚያ የሠራችውን ላኪልኝ አለ። ከዚያ ከበሮው አሁንም ታፍኗል አላት፤ ፍንጭት መንገድ ላይ ቆማ ከበሮው በመታፈኑ በደስታ አለቀሰች። ብርዱ ወጥቶ ሙቀት ሲገባ ደግሞ በቀኙ ሆና አብረው መሄድ ጀመሩ።

አንድ እሑድ ይዛው ወደ አክስቷ ቤት ሄደች። አክስቷ በሩን ከፍታ ሁለቱንም ስታይ ደነገጠች።

«አክስቴ፣ ያን ቀን የዋሸሁሽን ላስተካክል ነው የመጣሁት» አለች ፍንጭት። ጉንጯ ነደደ፤ ግን ቀጠለች። «የምወደው ሰው ነው።»

አክስቷ «ግቡ፣ ግቡ» አለች። ሶፋው ላይ ካስቀመጠቻቸው በኋላ ወንበር ስባ በልጁ ግራ ተቀመጠች። ቀሚሷን በእጇ እያሻሸች በዝግታ መናገር ጀመረች። አይነቅዝም ፊት ለፊት እያየ ዝም አለ። የአክስቷ ፊት እየከሰለ ሄደ፤ የናቃት መሰላት። ፍንጭት ልትናገርለት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። የእሱ ነገር ነው፤ የሚናገረው እሱ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ዘወር ሲል የአክስቷን ከንፈር አየ።

«እትዬ፣ ያናግሩኝ ነበር መሰለኝ። በዚህ በኩል አልሰማም» አለ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «በቀኜ ቢሆኑልኝ።»

ሊነሳላት ሲል «ተው ልጄ፣ ቁጭ በል» አለችና ወንበሯን ራሷ አንስታ በጠረጴዛው ዙሪያ ተሸክማ ዞረች። በቀኙ አስቀመጠችው፤ ጠጋ አለች።

«ያን ቀን ባለመስታወቱ ክፍል ውስጥ ቆሜ...» ብላ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረችለት።