የወሽመጡ መሐላ

ዲቦር የቴኒንግን ማድቤት በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ሽታው ቀድሞ ተቀበላት። ባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ እንጨት ሲነድ ጨው ጨው ይላል፤ በደሴቱ ላይ ይህን ሽታ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ጎንበስ ብላ ምድጃውን አየች። ከተማገደው ሥር ላይ ገና ያልተላቀቁ፣ ሥጋው የሚበላ ኦይስተር የሚባል የባሕር እንስሳ ዛጎሎች ተጣብቀዋል።

«ቴኒንግ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ጓደኛዋ ድስቱን ማማሰሏን አላቆመችም። «እንጨት ነዋ! ምን መሰለሽ?»

«ባክሽ አትፎግሪኝ። ከተዘጋው ወሽመጥ ነው የቆረጥሽው።»

ወሽመጡን የዘጉት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ዛፉ ሲመነጠር ባሕሩ ገፍቶ ገብቶ የሩዙን ማሳ ጨው አደረገው፤ የጉድጓዱም ውሃ መረረ። እነሱም ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው እየሰመጡ የማንግሮቭ ፍሬ ተከሉ፤ ችግኙ እስኪጠና ማንም ቢላ ይዞ እንዳይገባ ከለከሉ፤ ጠባቂም አቆሙ። ባልተዘጋው ወሽመጥ እንኳ ኦይስተር አንድ በአንድ ከሥሩ ላይ ይፈለቀቃል እንጂ ሥሩ አይቆረጥም። መቁረጥ ይቀላል፤ ዘለላው እንዳለ ታንኳ ውስጥ ዱብ ይላል። ግን ሥር በሌለበት ኦይስተር ተመልሶ አይመጣም።

ቴኒንግ ጀርባዋ ላይ የታዘለውን ሕፃን እሹሩሩ አለችው። ድምፁ ከማልቀስ ብዛት ሰልሏል።

«እናቴ ከወለደች አልተነሳችም፤ ጡቷ ደርቋል» አለች። «አባዬ በታንኳ ወደ ስፔን ከሄደ ድምፁ የለም። አንድ በአንድ እየፈለቀቅኩ ጠባቂዎቹ እስኪመጡ ልጠብቅ? ቆረጥኩና ወጣሁ። በቃ!»

«አየሽ፣ ግን—»

«በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ዲቦርዬ። በወንድምሽ ሞት፣ ሆድ ይፍጀው በይኝ!»

ዲቦር በሩን ስባ ወጣች።

የተቆረጠው ሥር ለመታወቅ ጊዜ አልወሰደበትም። ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲሸሽ ሴቶቹ በሙሉ ወሽመጡ አፍ ላይ ተሰበሰቡ። ሐሜቱ አስቀድሞ ያረፈው እማማ ኮዱ ላይ ነበር። እማማ ኮዱ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወጣላቸው፣ ቤታቸው ከወሽመጡ ጥግ የሆነ አሮጊት ናቸው። ለሐሜት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

መሐላው የቆየ ነው። ከየቤቱ አንዲት ሴት ትቀርባለች። «አልቆረጥኩም፤ የቆረጠችውንም አላውቅም። ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብላ የወሽመጡን ውሃ በእፍኟ ጎንጭታ ትውጣለች። ውሃው አልወርድ ያላት ቢላዋን ጭቃው ላይ አስቀምጣ እስከሚቀጥለው ክረምት በሁሉም ወሽመጥ ኦይስተር ከመልቀም ትታገዳለች። መታገድ ማለት ጦም ማደር ነው።

ቴኒንግ በእናቷ ፈንታ ቀረበች። ማለች፣ ጎነጨች፣ ዋጠች። ፊቷ እንኳ አልተለወጠም።

እማማ ኮዱ ቀጠሉ። ውሃውን እንደጎነጩ ያ የከረመ ሳላቸው ተነሳባቸውና በአፍ በአፍንጫቸው ወጣ።

«ተፋቸው!» አለች አንዷ። «ውሃው ተፋቸው!»

«ሳል ነው፣ ልጆቼ… ሳል እኮ ነው» አሉ አሮጊቷ። የሰማቸው የለም። የሴቶቹ አለቃ እትዬ ያንዴ ቢላቸውን ተቀብላ ጭቃው ላይ አኖረችው። እማማ ኮዱ ብቻቸውን ወደ ዳር ወጥተው ቆሙ፤ እጃቸው የሚይዘው አጥቶ ነጠላ ጨርቃቸውን ይጎትታሉ።

የቀረችው ዲቦር ነበረች። እናቷ ዳካር የሰው ልብስ አጣቢ ሆና ስለሄደች ታናሽ ወንድሟን ዋሊን የምታበላው እሷ ናት። ውሃውን ጎነጨች። አፏ ውስጥ መረረ። ብትውጠው እማማ ኮዱ አለቀላቸው፤ ብትናገር ያ ሕፃን አለቀለት። ሰው ሁሉ እያያት ተፋችው።

«አውቃለሁ» አለች። «የቆረጡት ግን እማማ ኮዱ አይደሉም።»

«ታዲያ ማን ናት?» አለች እትዬ ያንዴ።

 ዲቦር ቴኒንግ ራሷ እንድትናገር ጠበቀች፤ ከልቧ ጠበቀች። ቴኒንግ አንገቷን ደፍታ የሕፃኑን ማዘያ ታጠብቃለች።

«ስሚ አንቺ ልጅ፣ ስም ካልጠራሽ የሚቀመጠው የአንቺ ቢላ ነው። ያ ትንሽ ወንድምሽ ምን ሊበላ ነው? አስበሽዋል?»

አስባዋለች። ከዚያ ሌላ ያሰበችው ነገር የለም። በቴኒንግ ላይ እንዲህ ተናድዳ አታውቅም፤ ብትጮህባት፣ ፀጉሯን ብትነጫት በወደደች። የሕፃኑ የሰለለ ድምፅ ግን እየመጣ አፏን ያዘው።

ጎንበስ ብላ የእማማ ኮዱን ቢላ ከጭቃው አነሳች፤ በቀሚሷ ጠርጋ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ከዚያ የራሷን ከወገቧ ፈታች። የእናቷ ቢላ ነበር፤ እጀታው በእናቷ ጣት ልክ ሰርጉዷል። ጭቃው ላይ አስቀመጠችው።

ስትመለስ በቴኒንግ አጠገብ አለፈች።

«ነገ ውሃው ሲሸሽ የቆረጥሽበት ቦታ ፍሬ ልተክል እሄዳለሁ» አለቻት ሹክ ብላ። «ልጁን አዝለሽ ነይ። ከቀረሽ ስምሽን እጠራለሁ።»

ቴኒንግ ቀና አላለችም። ዲቦር ለዋሊ ምን እንደምትለው እያሰበች የቤቷን መንገድ ያዘች።