የዘመድ ድምፅ አይቆጠርም

ቦዌንን ከመውደዴ በፊት አንድ ወር ሙሉ ጠልቼዋለሁ። ያውም ፊቱን ሳላየው!

እናቴ በደቡቧ ከተማ ታይናን የአኩሪ አተር ማባያ ትሠራለች። ከአባቷ የወረሰቻቸው ሃያ ሦስት ጋኖች ጓሯችን ውስጥ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ገበያው ግን ከቀን ወደ ቀን ቀዘቀዘ።

«ሩዪ፣ እኔ ወገቤም አልቻለ» አለችኝ። «እስከ አዲስ ዓመት ሰሜን ሄደሽ ታይፔ ላይ ገዢ ካላገኘሽ ጋኖቹን ሸጬ እገላገላለሁ።»

«አገኛለሁ!» አልኳት። ከየት እንደማገኝ ግን አላውቅም ነበር።

ገበያ የሚያጠና ድርጅት ብጠይቅ የነገሩኝ ዋጋ ጋኖቹን ከነቤቱ የሚያሸጥ ሆነ። ስለዚህ ስልኬን አነሳሁ። ማባያውን በትናንሽ ጠርሙሶች ለሰፈሩ አደልኩና በፌስቡክ ቡድናችን ላይ «ስኳሩ ይጨመር ወይስ ይቀነስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁለት መቶ አስራ አንድ ሰው «ጨምሪበት!» አለኝ። አክስቶቼ የልብ ምልክት ደረደሩልኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም።

ከሥር ቦዌን የሚባል ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ስኳሩ በዝቷል። ዓሣዬን ከረሜላ አደረገብኝ።»

«ምላስዎን ሐኪም ይይልዎት» ብዬ መለስኩለት።

«ምላሴ ደህና ነው። ሰሜን፣ ኪሉንግ ወደብ ዓሣ ሻጭ ነኝ፤ ታይናን ያገባችው እህቴ ናት ጠርሙሱን የላከችልኝ። ለመሆኑ ማባያውን ለማን ሊሸጡ ነው?»

«ለታይፔ ሰዎች።»

«ታዲያ ታይናንን ምን አስጠየቀዎት? እናንተ እኮ ሾርባ ውስጥ ሳይቀር ስኳር ትጨምራላችሁ!»

ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ወዲያው መልሼ አነሳሁት። ምን ላድርግ፣ እውነቱን ነዋ! እኛ ታይናኖች ስኳር ያነሰው ምግብ ቢቀርብልን የተናቅን ይመስለናል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ስኳር ልጨምር ወይ ብዬ መጠየቄ! ድምፅ ከሰጡት መሃል አርባዎቹ ዘመዶቼ ነበሩ። ዘመድ ሐሞት ብታበይውም ጣፈጠ ነው የሚለው።

ያን ቀን ሕግ አወጣሁ። የሚጠየቀው ሰሜን ያለ ሰው ብቻ ነው፤ የዘመድ ድምፅ አይቆጠርም። በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

«የእኔም?» አለች እማዬ።

«የአንቺማ በተለይ!»

ንዴቴ እስኪበርድ ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ለቦዌን ጻፍኩለት። እሱም ሳያንገራግር ማባያዬን ለዓሣ ደንበኞቹ ማስቀመስ ጀመረ፤ እነሱም በራሳቸው የፌስቡክ ቡድን ውስጥ ድምፅ ይሰጡልኛል። አምስት ጊዜ ቀየርኩት። እሱ አምስቱንም ጊዜ አልማረኝም። «ጨው በዛ»፣ «ቀጠነ»፣ «ይሄማ መድኃኒት ነው» ይለኛል። እየተናደድኩ እስቃለሁ። «እርስዎ» መባባሉን መቼ እንደተውነው አላስታውስም። መልእክቱ ሲዘገይ ሥራ ፈትቼ ስልኬ ላይ አፍጥጬ እንደምቀመጥ ግን አስታውሳለሁ።

ስድስተኛውን ራሴ ይዤለት ሄድኩ። ኪሉንግ ዝናቡን እንደ ጉድ ያወርደዋል። ጆሮው ትልልቅ፣ ሽርጡ የራሰ አንድ ረጅም ሰው ከዓሣው ጀርባ ቀና አለ።

«ሩዪ ነሽ?»

«ነኝ። በል ያንን ክፉ ምላስህን አምጣ።»

ቀመሰ። ጠርሙሱን ትቶ እኔን አየኝ፤ እኔም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ግሩም ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ምንም አይቀረውም።»

ያን ዕለት ባቡሩ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅሁ ተመለስኩ። በማግስቱ የደንበኞቹ ድምፅ መጣ። ከስልሳው ሰው ሃምሳ ዘጠኙ «መራራ ነው» ብሏል። ብቀምሰው እውነትም መሮኛል፤ እሳት ላይ አብዝቼ አቆይቼው ኖሯል። «ግሩም» ያለው ቦዌን ብቻ ነበር።

ደወልኩለት። «ዋሸኸኝ!»

«አዎ።»

«እማዬ ጋኖቹን እስክትሸጥ ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ! እኔ የተማመንኩት እኮ በአንተ እውነት ነው!»

«አምስት ሰዓት በባቡር ተጉዘሽ፣ ዝናብ ደብድቦሽ ፊቴ ቆመሽ፣ መራራ ነው ልበልሽ? አፌ እምቢ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሩዪ፣ ከእንግዲህ በምላሴ አትተማመኚ። ወድጄሻለሁ።»

ዘጋሁበት። ተናድጄ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ደስ ብሎኛል። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ እሳቱን አቀጣጠልኩ።

ሰባተኛውን ለታይፔም ቡድኖች ላክሁት። አሁን «ወደዳችሁት?» አላልኩም፤ «ገንዘባችሁን አውጥታችሁ ትገዙታላችሁ?» ነው ያልኩት። ከሦስት መቶ ሰው ሁለት መቶ ስድሳው «እገዛለሁ» አለ። ሁለት የታይፔ ሱቆች ትእዛዝ ላኩ። እማዬ ጋኖቹን ሊሸጥላት የነበረውን ደላላ ስልክ ቁጥር የጻፈችበትን ወረቀት ቀዳ ጣለችው።

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ቦዌን አንድ ትልቅ ዓሣ ተሸክሞ በራችን ላይ ብቅ አለ። እኔ የድምፁን ዝርዝር እያጣራሁ ነበር። ስሙን አገኘሁትና ዓይኑ እያየ በእስክሪብቶ ሰረዝኩት።

«ኧረ ምን አደረግሁ? ይሄኛው እውነት ነው! እናቴ ትሙት!»

በእስክሪብቶው ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ሕግ አሳየሁት። አንገቱን አስግጎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። እነዚያ ትልልቅ ጆሮዎቹ ቀሉ።

እማዬ ከጓዳ «ዓሣውን ተቀበይው እንጂ!» ብላ ጮኸች። «ዘመድ በር ላይ ይቆማል እንዴ?»